ዝውውሩን የጠየቀው ማነው?

(ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሆስተስ ለመሆን ለሚሰለጥኑ ልጆችና ለቤተሰቦቻቸው ያደረግኩት ንግግር ነው። እንዳወራሁት ጻፍኩት፣ የተደጋገመውን ብቻ ቀነስኩ።)

እንዴት ዋላችሁ። ከኋላ ይሰማል? እሺ። ወላጆችም መጥታችኋል ደስ ብሎኛል፣ እንደውም የዛሬው ወሬ ከልጆቹ ይልቅ ለናንተ ሳይጠቅም አይቀርም ምክንያቱም ልጅ ጓዟን ስታነሳ ወጪው መጀመሪያ የሚያርፈው ቤተሰብ ላይ ነው።

ስለ ቁመት፣ ስለ ፀጉር አያያዝና ስለ ኢንተርቪው አላወራም፣ እሱን ቲክቶክ ላይ ጠግባችሁታል። እኔ መጀመሪያ በረርኩ፣ ውጪ አገር ማለት ነው፣ በኋላ ደሞ ክሩ፣ የበረራ ሠራተኛው ማለት ነው፣ ከአንድ ቤዝ ወደ ሌላ ቤዝ ሲዛወር ወረቀቱንና ክፍያውን የሚያየው ክፍል ውስጥ ቢሮ ገባሁ። እና ያየሁት ምን መሰላችሁ፣ በረራ ላይ ስትት የማላውቃት ጎበዝ ልጅ የዝውውር ወረቀት ሲመጣላት ሳታነብ ትፈርማለች። ሁለት ገጽ ወረቀት ነው'ኮ! የምግብ ሜኑውን በሦስት ቋንቋ በቃሏ የምትይዝ ልጅ።

ቤዝ ማለት የስራ ቀናችሁ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ኤርፖርት ነው። ከዛ ውጪ ስታድሩ ሆቴሉም አበሉም የኩባንያው ነው፣ ቤዛችሁ ላይ ስትሆኑ ግን ቤቱም መብራቱም ሽሮውም የራሳችሁ ነው። ስለዚህ ቤዝ ተቀየረ ማለት ትናንት አበል ይከፈላችሁበት የነበረ ከተማ ከዛሬ ጀምሮ ኪራይ የምትከፍሉበት ከተማ ሆነ ማለት ነው። ይሄንን ሁሌ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ያዙት፣ ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ ሒሳብ ነው።

የኛን አገር ካየን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዋና ቤዝ ቦሌ ነው። እዚህ በላይ ዘለቀ ኤርፖርት ላይ የምታዩአቸው ልጆች ከቦሌ ተነስተው መጥተው ሰው አውርደው ሰው ጭነው የሚመለሱ ናቸው። ስለዚህ አንዲት የአባይ ማዶ ልጅ ተቀጥራ አዲስ አበባ ስትገባ እሱ ቅጥር ነው እንጂ ዝውውር አይደለም፣ የመዛወሪያ ጥቅማጥቅም የሚባለው ነገር የሚነሳው አንዴ ቤዝ ከተሰጣችሁ በኋላ ኩባንያው ወደ ሌላ ሲወስዳችሁ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይደናገራል፣ «ከባሕር ዳር ነው የመጣሁት ቤት ኪራይ አይሰጡኝም ወይ» ይላል፣ በቅጥር ውሉ ላይ ካልተጻፈ መልሱ አይሰጡሽም ነው። አዲስ አበባ ቤት ስትፈልጉ የሚያግዛችሁ ነገር ግን አለ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል፣ አከራይ ከ2 ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መቀበል አይችልም፣ ውሉም ቢያንስ ለ2 ዓመት ነው፣ ይመዘገባልም። ደላላው የ6 ወር ቅድሚያ ካለ ሕጉን ስሙን ጥሩለት፣ ቢያንስ ፊቱ ይቀየራል።

ዝውውር ዱሮ ለኛ ልጆች ሩቅ ነገር ነበር አሁን ግን ቅርብ ነው። አየር መንገዳችን ራሱ ሎሜ ላይ ካለው አስካይ ጋር ይሰራል፣ ማላዊ ላይ እ.ኤ.አ ከ2014 ጀምሮ የሚበረው የማላዊ አየር መንገድ ላይ 49 በመቶ ድርሻ ይዞ ገብቷል፣ ዛምቢያም ላይ እንደዛው 45 በመቶ። የኛ ልጆች ዱባይና ዶሃ ሞልተዋል፣ ከዛም አልፈው አውሮፓ የገቡ አሉ። አውሮፓ ላይ ደሞ ርካሽ ቲኬት የሚሸጡት አየር መንገዶች በየአገሩ ብዙ ትናንሽ ቤዝ ነው ያላቸው፣ አንዱ ከተማ ላይ ትርፍ ቀነሰ ሲባል አውሮፕላኑን ያነሱና ክሩውን «ወይ ወደዚህ ቤዝ ወይ ቻው» ይሉታል። አውሮፕላን በአንድ ሰዓት ይነሳል፣ ሰው ግን ውል የገባበት ቤት አለው፣ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ አለው፣ እቁብ እንኳ ቢሆን ያልወጣለት እቁብ አለው።

እሺ ወደ ዋናው ልግባ። ከጓዙ ኪሎም ከሆቴሉም ከብሩም በፊት የምትመጣዋ ጥያቄ፣ ዝውውሩን የጠየቀው ማነው? የምትለዋ ናት። እኔ ቢሮ በነበርኩ ጊዜ ፋይል ስከፍት መጀመሪያ የማየው እሷን ነበር፣ ሲስተሙ ላይም አንድ ሳጥን ናት፣ «በሠራተኛው ጥያቄ» ወይም «በኩባንያው ውሳኔ»። የመጀመሪያው ከተመረጠ አብዛኛው ጥቅም ይዘጋል፣ ሁለተኛው ከተመረጠ ይከፈታል። በቃ። ያቺ ልጅ ስንት ዓመት በረረች፣ ስንት የምስጋና ደብዳቤ አላት፣ ማንም አያይም።

አሜሪካ ውስጥ ይሄ ነገር በግልጽ ነው የሚሰራው፣ የሆስተሶቹ ማኅበር ከአየር መንገዱ ጋር የሚፈራረመው የኅብረት ስምምነት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ለየብቻ ይቀመጣሉ። በራስሽ ፍላጎት፣ በሲኒየሪቲሽ፣ በአገልግሎት ዘመን ቅድሚያሽ ማለት ነው፣ ተወዳድረሽ ቤዝ ከቀየርሽ ጓዝሽን በራስሽ ታነሺያለሽ። ኩባንያው ቤዙን ሲዘጋ ወይም ሰው ሲቀንስ ተገፍተሽ ከሄድሽ ግን የዕቃ ማጓጓዣ፣ የጉዞ ወጪ፣ ለመዛወር የሚሰጥ የእረፍት ቀን፣ እንደ ስምምነቱ ይሰጥሻል። ብዙዎቹ ታዲያ ጭራሽ አይዛወሩም፣ የሚኖሩበት ከተማ ቁጭ ብለው በሰራተኛ ቲኬት እየበረሩ ቤዛቸው ሄደው ስራ ይገባሉ፣ እዛም ለማደሪያ ለብዙ ሆነው አልጋ ብቻ ይከራያሉ።

አሁን ኩባንያዎች ምን እንደሚያደርጉ ልንገራችሁ፣ እዛው ሆኜ ኢሜይሉን የምልከው እኔም ስለነበርኩ አውቀዋለሁ። አዲስ ቤዝ ሲከፈት መጀመሪያ ለሁሉም ቆንጆ ኢሜይል ይላካል፣ ፎቶ አለው፣ ባሕር ዳርቻ ምናምን፣ «አዲስ ሕይወት ለመጀመር ዝግጁ ናችሁ? ፍላጎታችሁን እዚህ ተጭናችሁ አሳውቁን»። የሚፈለገው ሰው በዚህ ከሞላ ማንም አይገደድም፣ ማንም ስላልተገደደ ደሞ ብዙ አይከፈልም። ካልሞላ ሁለተኛው ዙር ይመጣል፣ ያኔ ነው ከጁኒየሩ ጀምሮ በትዕዛዝ የሚላከው፣ ፓኬጁም፣ የመዛወሪያ ጥቅማጥቅሙ ማለት ነው፣ ያኔ ነው የሚጨምረው። እኔ አትጫኑ አልልም፣ ከተማውን ከወደዳችሁት፣ እጮኛ እዛ ካለ፣ ተጫኑ በሰላም ሂዱ። ግን እዛ ያለችውን አንዲት ክሊክ ዋጋዋን አውቃችሁ ተጫኑ።

የከፋው ግን ይሄ አይደለም። ቤዙ እንደሚዘጋ በቃል ተነግሮ ከዛ «ፎርም ሙሉ» የሚባለው ነው። አንዲት ልጅ ነበረች፣ የት ኩባንያ እንደሆነ ልተወው፣ ሱፐርቫይዘሯ በስልክ «ቤዙ በሦስት ወር ውስጥ ይዘጋል ቶሎ ከሞላሽ የምትፈልጊውን ከተማ ታገኛለሽ» አላት። ሞላች። ፎርሙ ላይ «ምክንያት» የሚል ቦታ ነበር፣ ከዝርዝሩ ውስጥ «የግል» የምትለዋን መረጠች ምክንያቱም «ቤዙ ስለሚዘጋ» የሚል ምርጫ አልነበረውም። ቤዙ እንደተባለው ተዘጋ። ሌሎቹ ከሷ ዘግይተው በትዕዛዝ ሲሄዱ የሆቴል፣ የመቋቋሚያ፣ የጓዝ ተከፈላቸው፣ እሷ «በራስሽ ጥያቄ ነው የሄድሽው» ተባለች። ሱፐርቫይዘሩ የተናገረውን የሚያሳይ ነገር አልነበራትም፣ የስልክ ወሬ ነበራ። እኔ ፋይሉን ስከፍት ልቤ እያወቀ ሲስተሙ ግን አይከፍትልኝም።

ስለዚህ በስልክ የተነገራችሁን በዛው ቀን በኢሜይል መልሳችሁ ጻፉ፣ «ዛሬ በስልክ እንደነገሩኝ ቤዙ ስለሚዘጋ ፎርሙን እንድሞላ ጠይቀውኛል፣ በትክክል ተረድቼ እንደሆነ ያረጋግጡልኝ» ብላችሁ። ሰውየው ባይመልስ እንኳ የናንተ ጽሑፍ ቀን አለው። ጨዋነት የጎደለው ነገርም የለበትም።

አሁን ፓኬጅ ሲባል ውስጡ ምን አለ። ቲኬት አለ፣ ግን የተረጋገጠ መቀመጫ ነው ወይስ ቦታ ከተረፈ የሚያስገባ የሰራተኛ ቲኬት? ጓዝ አለ፣ ስንት ኪሎ? በአውሮፕላን ሻንጣ ነው ወይስ በካርጎ? እንደደረሳችሁ ለስንት ሌሊት ሆቴል ይሰጣል? ቤት ስትፈልጉ የሚሰጥ ደመወዝ የማይቋረጥበት ፈቃድ ስንት ቀን ነው? ያኛውን ቤት ውል ስታፈርሱ ቅጣቱን ማን ይከፍላል? አዲስ ቪዛ፣ አዲስ የኤርፖርት መታወቂያ፣ አዲስ የሕክምና ምርመራ ካስፈለገስ? እነዚህ ላይ ብዙም አልቆይም፣ ጠያቂ ሰው ያገኛቸዋል።

የምቆየው ሰው የማይጠይቀው ላይ ነው። የሆስተስ ክፍያ እንደ ባንክ ሰራተኛ ክፍያ አይደለም፣ ቤዚክ ደመወዝ አለ፣ በላዩ ላይ የበረራ ሰዓት ክፍያ አለ፣ በላዩ ላይ ውጪ ስታድሩ የሚሰጥ አበል አለ። ብዙ ቦታ ላይ ቤዚኩ ትንሽ ነው፣ ሰው የሚኖረው በሌሎቹ ሁለቱ ነው። ስትዛወሩ ደሞ አትበሩም! ዕቃ ታስራላችሁ፣ ቪዛ ትጠብቃላችሁ፣ የአዲሱ ኤርፖርት መታወቂያ እስኪወጣ ትቀመጣላችሁ። ያን ወር ቤዚክ ብቻ ይመጣል፣ ወጪያችሁ ደሞ የሕይወታችሁ ትልቁ ወጪ በዛው ወር ነው፣ ሁለት ኪራይ፣ ማስያዣ፣ አልጋ፣ ምድጃ። እና ኩባንያው የሰጠው የመቋቋሚያ ገንዘብ ያልበረራችሁበትን እንኳ ሳይሸፍን ይቀራል። ጥሩ ኩባንያ ምን ያደርጋል፣ ያን ጊዜ አማካይ የበረራ ሰዓታችሁን እንደበረራችሁ ቆጥሮ ይከፍላል። እኔን ብትጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ተደራደሩ ብባል የምደራደረው እሱን ነው፣ ሆቴል ይጨመርልኝ አልልም። ሲቀጥል ደሞ መቼ ነው የሚከፈለው? ደረሰኝ አምጥታችሁ ከሁለት ወር በኋላ የሚመለስላችሁ ከሆነ ያው በናንተ ገንዘብ ነው ኩባንያው ያዛወራችሁ፣ የሌላችሁ ሰዎች ደሞ ተበድራችሁ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የሚሰጥ ቅድሚያ ጠይቁ።

ቤት ላይ ልምጣ። የዱባይና የዶሃዎቹ ትልልቆቹ አየር መንገዶች ለክሩ ዕቃው የተሟላ ቤት ይሰጣሉ፣ ከሌላ ልጅ ጋር የምትጋሩት፣ ወደ ኤርፖርት የሚያመላልስ መኪናም አለው። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ፣ የዱባይ አገር ማለት ነው፣ ሕግም እ.ኤ.አ የ2021 የሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 33 ላይ አሠሪው ተስማሚ መኖሪያ ወይ በምትኩ ጥሬ ገንዘብ እንዲሰጥ ያዛል፣ የቅጥር ወጪንም ከሠራተኛው መቀበል ክልክል ነው። የቤቱ ጉዳት ምንድነው፣ ስራው ካለቀ ቤቱም አብሮ ያልቃል፣ እንግዳም እንደልብ አታስገቡም። ጥሬ ገንዘቡ ደሞ ነፃነት ይሰጣል ግን ኪራይ ሲጨምር አብሮ አይጨምርም። ጀማሪ ከሆናችሁ ቤቱን ውሰዱ ነው የምለው፣ ከተማውን ሳታውቁ ገንዘብ ይዛችሁ ደላላ እጅ አትውደቁ።

የገንዘቡ ዓይነት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፣ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፣ የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100ን አለፈ። ያኔ የመቋቋሚያ አበሉ በብር ተቆርጦ የተጻፈለትና በዶላር የተጻፈለት ሁለት ሰው አንድ ከተማ ሲገቡ አስቡት። ውጪ የምትወጡ ከሆነ ወጪው በሚወጣበት አገር ገንዘብ እንዲጻፍ ጠይቁ።

ታክስ ደሞ አለ። አሜሪካ ላይ እ.ኤ.አ ከ2018 ጀምሮ ኩባንያ የሚከፍለው የመዛወሪያ ወጪ እንደ ደመወዝ ተቆጥሮ ታክስ ይቆረጥበታል፣ ወታደሮችን ካላነሳን በቀር፣ በፊት አይቆረጥበትም ነበር። እንግሊዝ ላይ ሁኔታውን ካሟላ እስከ 8,000 ፓውንድ ድረስ ታክስ የለውም። ይሄ ለምን ይጠቅመናል ካላችሁ፣ እንበል 5,000 ዶላር ቃል ተገባላችሁ፣ ታክሱ 30 በመቶ ቢሆን እጃችሁ የሚገባው 3,500 ነው። 5,000ው እጃችሁ እንዲገባ ኩባንያው 7,143 አካባቢ ማውጣት አለበት። ስለዚህ «ስንት ነው» ብላችሁ ብቻ አትተዉ፣ «ከታክስ በፊት ነው ከታክስ በኋላ» በሉ። አንዳንዱ ኩባንያ ታክሱን ራሱ ይችላል፣ ካልጠየቃችሁት ግን ለምን ይችላል?

ወደ አገራችን ሕግ ልመለስ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 53 ላይ ደመወዝ ምን እንደሆነ ይናገርና የማይቆጠሩትን ይዘረዝራል፣ የትርፍ ሰዓት፣ የውሎ አበል፣ የትራንስፖርት አበል፣ ሠራተኛው ሲጓዝ ወይ መኖሪያውን ሲለውጥ የሚከፈለው የመዛወሪያ ወጪ፣ ቦነስ ሁሉ ደመወዝ አይደሉም። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን የስራ ስንብት ክፍያ የሚሰላው በደመወዝ ነው፣ ጡረታም ከሠራተኛው 7 ከአሠሪው 11 በመቶ የሚቆረጠው ከመደበኛ ደመወዝ ነው። ስለዚህ አንድ ኩባንያ «ደመወዝ አልጨምርም ግን ለአዲሱ ቤዝ ትልቅ አበል እሰጥሻለሁ» ሲል ዛሬ ኪስሽ ይሞላል፣ የስንብትሽና የጡረታሽ ሒሳብ ላይ ግን ምንም አልጨመረም። ሁለቱን ለይታችሁ ቁጠሩ።

እዛው አዋጅ ላይ አንቀጽ 28 አለ፣ ድርጅቱ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ሠራተኛው አብሬ አልሄድም ካለ በማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ምክንያት ይሆናል። ማስጠንቀቂያው እንደ አገልግሎት ዘመን ነው፣ የሙከራ ጊዜ ጨርሶ እስከ 1 ዓመት ለሰራ 1 ወር፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት 2 ወር፣ ከ9 በላይ 3 ወር። ልብ በሉ፣ ይሄ ድርጅቱ ራሱ ሲዛወር ነው፣ ድርጅቱ እዛው ቁጭ ብሎ አንቺን ብቻ ሂጂ ሲል ሌላ ጥያቄ ነው፣ ያኔ የሚታየው ውልሽ ነው። የስራ ቦታ የቅጥር ውል ላይ መጠቀስ ካለባቸው ነገሮች አንዱ ነው። ብዙ ውል ግን «አዲስ አበባ» ብሎ ሲያበቃ ከስሩ «ኩባንያው በሚመድብበት በማንኛውም ቦታ» ይላል፣ ያቺን መስመር ፈልጉ፣ «ያለ ተጨማሪ ክፍያ» የምትል ጭራ ካላት ደሞ በደንብ ፈልጉ። ዝውውርን በኅብረት ስምምነት መወሰን እንደሚቻልም አዋጁ ይናገራል፣ ስለዚህ የሠራተኛ ማኅበር ያለበት ቦታ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠይቁት የኅብረት ስምምነቱን ኮፒ ነው፣ ለብቻችሁ የማታገኙትን ማኅበሩ ከናንተ በፊት አስጽፎት ሊሆን ይችላል።

አውሮፓ ላይ የሆነ አንድ ነገር ላንሳ ምክንያቱም የክሩ ቤዝ ወረቀት ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። ቤልጂየም ሻርለርዋ ኤርፖርት ላይ የሚሰሩ ሆስተሶች ነበሩ፣ የራያንኤር በረራ ላይ፣ ውላቸው ግን የአየርላንድ ነው፣ ክስ ካለሽ አየርላንድ ፍርድ ቤት ነይ የሚል። ከቤዛቸው በ1 ሰዓት ርቀት ውስጥ እንዲኖሩ ደሞ ይገደዱ ነበር። ከሰሱ፣ እ.ኤ.አ መስከረም 14 ቀን 2017 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የስራ ቦታ የት ነው ሲባል ቤዙ ትልቅ ምልክት ነው አለ፣ ስለዚህ እዛው ቤልጂየም ሊከሱ የሚችሉበት መንገድ ተከፈተላቸው። የማኅበራዊ ዋስትናቸውም እ.ኤ.አ ከ2012 ጀምሮ ቤዛቸው ያለበትን አገር ነው የሚከተለው። እንግዲህ ቤዝ ሲቀየር ሕግም ጡረታም አብሮ ሊቀየር ይችላል ማለት ነው፣ ሰው ሻንጣ ብቻ የሚቀየር ይመስለዋል።

እዛው አውሮፓ የበረራ ድካም ደንባቸው ላይ የምወዳት ነገር አለች። ክሩ ቤዝ ሲቀይር አዲሱ ቤዝ ላይ ስራ ከመጀመሩ በፊት ያለው እረፍት ወደ 72 ሰዓት ከፍ ይላል፣ 3 ሌሊት ያለበት፣ ከዱሮው ቤዝ ወደ አዲሱ የሚጓዝበትም ሰዓት የኩባንያው ጉዞ ተብሎ ይቆጠራል። ይሄ ገንዘብ አይደለም ግን ከገንዘብ ይበልጣል፣ ዕቃ ተሸክማ ደርሳ በነጋታው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ሪፖርት አድርጊ የተባለች ልጅ አውሮፕላን ውስጥ የእሳት አደጋ ቢነሳ ምን ታደርጋለች? ሆስተስ'ኮ ሻይ ለማቅረብ ብቻ አይደለም እዛ ያለችው።

ቤተሰብ። ፖሊሲው «ጥገኛ» የሚለው ባልና ልጅን ነው። የኛ አገር ልጅ ደሞ ስንት ሰው ነው በደመወዟ የሚኖረው፣ እናት አለች፣ ታናሽ ወንድም ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ይማራል፣ አክስት አለች። ለኩባንያው እነሱ የሉም። ስለዚህ «ባለ ቤተሰብ» የሚለው የተሻለ አበል አይደርሳችሁም፣ እንደ ላጤ ነው የምትቆጠሩት፣ በዛ በጀት አድርጉ።

ሁለት ነገር ልጨምርና ጥያቄ እቀበላለሁ። አንደኛ ማስመለሻ። ብዙ የዝውውር ውል ላይ በ1 ወይ በ2 ዓመት ውስጥ ከለቀቅሽ የተከፈለሽን ትመልሻለሽ ይላል። እሱ ራሱ ክፉ አይደለም፣ ግን ሙሉውን ነው ወይስ በሰራሽው ወር ልክ እየቀነሰ? 23 ወር ሰርታ 24ኛው ላይ የለቀቀች ሙሉውን መልሺ ከተባለች ግፍ ነው። ኩባንያው ራሱ ከቀነሳችሁ ወይ ቤዙን እንደገና ከዘጋ እንደማይጠየቅ በጽሑፍ ይግባ። ሁለተኛ፣ ወደ እህት ኩባንያ «ትራንስፈር» ስትባሉ በእርግጥ ትራንስፈር ነው ወይስ ከዚህ ለቃችሁ እዛ አዲስ መቀጠር? ስም አንድ ሆኖ ፈቃዱ ሌላ የሆነ አየር መንገድ ሞልቷል። አዲስ ቅጥር ከሆነ ሲኒየሪቲያችሁ ዜሮ ይሆናል፣ የሙከራ ጊዜም እንደገና ይጀምራል፣ የመቋቋሚያ ገንዘቡ እሱን አይክስም።

እሺ ጥያቄ።

አንዲት እናት ተነሱ፣ «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ከጠየቀች ልጅቷን ይተዋትና ሌላ ይቀጥራሉ ብዬ ፈራሁ» አሉ። እናቴ፣ ፍርሃትዎ ልክ ነው፣ አዲስ ተቀጣሪ ብዙ አቅም የላትም፣ አልዋሽዎትም። ግን የት እንደተጻፈ መጠየቅ መደራደር አይደለም። «የቤዝ ለውጥ ፖሊሲውን ማንበብ እፈልጋለሁ የት አገኘዋለሁ» ብላ የጠየቀች ልጅ የተባረረችበት አላየሁም፣ እንደውም ኤችአር ውስጥ እንደዛ የምትጽፍ ልጅ ስሟ ይያዛል፣ በጥሩ ነው የምልዎት።

አንድ አባት ስለ ቲኬቱ ጠየቁ፣ ልጃቸው ዶሃ ልትገባ ነው መሰለኝ። አባቴ፣ የቅጥርም የዓመት እረፍትም ቲኬት አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ነው የሚያልቀው። ከቦሌ እስከ ባሕር ዳር ያለው የናንተ ነው፣ በአየር አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መንገዱንም ያውቁታል። ስለዚህ ውሉ ላይ የመኖሪያ አድራሻ ሲሞላ ባሕር ዳር ተብሎ ይሞላ፣ የዘመድ ቤት አዲስ አበባ አለ ተብሎ እሱ አይጻፍ፣ ከዛ የመጨረሻው መድረሻ ባሕር ዳር ይሆን እንደሆነ ትጠይቅ። ስትለቅም የመመለሻው ቲኬት እዛው አድራሻ ጋር ነው የሚታየው። በኤጀንሲ በኩል የምትሄድ ከሆነ ደሞ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁን ይዛችሁ ሂዱ፣ የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የስራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የኢንሹራንስ ወጪ የአሠሪው ነው ይላል፣ የፓስፖርትና የሕክምና ምርመራ የመሳሰለው ነው የሠራተኛው። ቪዛ ክፈሉ የሚላችሁ ካለ ተነሱና ውጡ።

ወንዶቹም ጠይቃችኋል፣ አዎ ለወንድ አስተናጋጅም ያው ነው፣ ልዩነት የለውም።

የመጨረሻዋ ጥያቄ ከኋላ ነው የመጣችው፣ «ነገ ጠዋት ካልፈረማችሁ ቦታው ያመልጣችኋል ቢሉንስ?» የሚል። ይሉሻል፣ በደንብ ይሉሻል። ስራውን ከፈለግሽው ፈርሚ፣ ግን ከመፈረምሽ በፊት ወይ በዛው ሰዓት አንዲት ኢሜይል ላኪ፣ እንዲህ በያት፣ «በኩባንያው ውሳኔ መሠረት የተሰጠኝን አዲስ ቤዝ ተቀብያለሁ፣ የመዛወሪያ ጥቅማጥቅሞቼን ዝርዝር በጽሑፍ እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ።» «በጥያቄዬ መሠረት» የምትል ቃል እንዳትገባ። ፎርሙ «በሠራተኛው ጥያቄ» ብሎ አስቀድሞ ተሞልቶ ከመጣ ስክሪንሾት አንሺውና አያይዢው፣ «ይቺ ትስተካከል» ብለሽ። እና ኮፒውን ወደ ግል ኢሜይልሽም ላኪ፣ የኩባንያው ኢሜይል በለቀቅሽበት ቀን ይዘጋል።